የመተማ ሕዝብና እንደራሴዎቹ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሞ ዓመቱን አሳልፎ ለዚህ ጉባኤ ላበቃን አምላክ ምስጋና ይድረሰው። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን የተለዩንን ነፍስ ይማር፤ ለቤተሰቦቻቸውም መጽናናትን ይስጥልን።

የሥራ ኮሚቴው በዚህ ቀን አንድ ትምህርት ሰጭ ነገር እንድናገር አዝዞኛል። እኔ እንደምታውቁኝ ብዙ የተማርሁ ሰው አይደለሁም። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ጽሕፈት ቤት ገባሁ፤ ጡረታ እስከምወጣ ድረስ መዝገብ ስጽፍ፣ ደብዳቤ ስገለብጥ ኖርሁ። ዳሩ ግን መዝገብ የሚጽፍ ሰው አንድ ነገር ይማራል፤ ይኸውም ማን ተጻፈ፣ ማንስ ሳይጻፍ ቀረ የሚለውን ነው። ዛሬ የምንመርጠው አዲስ ኮሚቴ ስላለ፣ ባለፈው ሰሞንም በየጥላው ሥር «ተመራጭ ሁሉ አንድ ነው፤ ከተመረጠ ወዲያ ማን ያየዋል» ሲባል ስለሰማሁ፣ የመተማ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በማን እንደተወከለና እንዴት እንደተወከለ ጥቂት ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ከቃሉ ልነሣ። አባቶቻችን በምክር ቤት የሚቀመጠውን ሰው «የሕዝብ እንደራሴ» ይሉት ነበር። ቃሉ ራሱ ይናገራል፤ እንደ ራሴ ማለት ነው። እኔ በሌለሁበት ቦታ እንደ እኔ ሆኖ የሚናገር፣ የእኔን ሕመም እንደ ራሱ ሕመም የሚያውቅ ሰው ነው። እንግዲህ በዚህ ሚዛን እየመዘንን እንሂድ።

፩. ከምክር ቤት በፊት

ይህ ቆላ ባለቤት የሌለው ጫካ አልነበረም። ጉሙዝ ወንድሞቻችን ከብዙዎቻችን በፊት እዚህ ነበሩ። በኋላም ከዳርፉር አቅጣጫ የመጡት ተክሩሮች በመተማ ሰፍረው ገበያውን አቀኑት። ጥጡ፣ ቡናው፣ ሰሙ፣ ፈረሱ፣ ያን ጊዜ ደግሞ በክፉ ዘመን ሰውም ጭምር የሚሸጥበት ትልቅ ገበያ ነበር። የዚያን ጊዜው የመተማ ሰው ለኢትዮጵያም ለግብጽም፣ ለሁለቱም ወገን የሚገብርበት ጊዜ ነበር። ሁለት ግብር ከፍሎ አንድም አፈ ጉባኤ ያልነበረው ሕዝብ ነው ማለት ይቻላል።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከድርቡሽ ጋር በዚህ ሜዳ ሲዋጉ ቆስለው ዐረፉ። ከተማችን «መተማ ዮሐንስ» የምትባለው በዚሁ ነው። ንጉሥ ራሱን የሰጠላት ዳር አገር በመሆኗ እንኮራለን። ቀጥሎ ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. የወሰን ውል ተፈራረሙ፤ ገላባት ወዲያ፣ መተማ ወዲህ ሆነች። ውሉን በመሬት ላይ ያመለከተው ግን ሜጀር ግዊን የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ነው፤ ይህም በአውሮፓ ቁጥር በ1903 የሆነ ነው። ምልክቱን ሲተክል ከኢትዮጵያ በኩል የቆመ ወኪል አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ወሰን ስንት ክርክር፣ ስንት ደም እንደፈሰሰ እናንተው ታውቃላችሁ። በ1964 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት በደብዳቤ ልውውጥ ተነጋገሩበት፤ ያን ጊዜ አልቆ ቢሆን ኖሮ በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር አልፋሽጋ ሲገባ ባላየን ነበር። እንግዲህ ወኪል በሌለበት የተተከለ ችካል መቶ ዓመት እንደሚያከራክር ከዚህ እንማር።

፪. ሹም የመረጠው እንደራሴ

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ፈረሙ። ሁለት ምክር ቤት ተቋቋመ፤ አንደኛው የሕግ መወሰኛ፣ ሁለተኛው የሕግ መምሪያ ይባላል። የመወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ይሾማሉ። የመምሪያውን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጡ ነበር። ሕዝቡ በቅቷል፣ አልበቃም የሚለውን የሚፈርደው ማን እንደሆነ አስቡት። ለግብር የበቃ ሰው ለመምረጥ አልበቃም ተባለ ማለት ነው።

ይህም ቢሆን አልዘለቀም፤ ጣልያን ገባ። የቆላው ሰው በዱር በገደሉ ታገለ። በጥቅምት ወር 1933 ዓ.ም. እንግሊዞች በገላባት ላይ ጦርነት ከፈቱ፤ በጥር ወር ጣልያን መተማን ለቅቆ ወደ ደጋው ሸሸ። በዚሁ በጥር ወር ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ።

፫. ንብረት ያለው እንደራሴ

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ፣ ወንድም ሴትም፣ ድምፅ እንዲሰጥ ተፈቀደ። የመጀመሪያው የሕዝብ ምርጫ በመስከረም ወር 1950 ዓ.ም. ተደረገ፤ 210 መቀመጫ ነበረ። በዚያ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ገብተው የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1953 ዓ.ም. ከተመረጡት መካከል ደግሞ በኋላ የአገራችን ፕሬዚዳንት የሆኑት አቶ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ይገኛሉ፤ እሳቸው የሕግ መምሪያው ፕሬዚዳንትም ነበሩ። ምርጫው በየአራት ዓመቱ እየሆነ በ1957፣ በ1961ና በ1965 ዓ.ም. ተደገመ። ፓርቲ የሚባል አልነበረም፤ ሰው በስሙና በዘመዱ ይወዳደር ነበር።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልመለስ። ሕጉ 200 ሺህ ያህል ሕዝብ አንድ የምርጫ ወረዳ ሆኖ ሁለት እንደራሴ ይላክ ይላል። ከ30 ሺህ በላይ ሕዝብ ያለው ከተማ ለብቻው አንድ እንደራሴ ያገኛል። መተማ ያን ጊዜ በበጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት በጭልጋ አውራጃ ሥር ነበረች። 200 ሺህ ሕዝብ ለመሙላት ደጋውና ቆላው በአንድ ላይ ይቆጠራል። የደጋው ሰው ብዙ ነው፤ የቆላው ጥቂት ነው፤ ተበትኖም ይኖራል። በዚህ አቆጣጠር የቆላው ድምፅ በደጋው ውስጥ እንደ ጨው ይሟሟል።

ሁለተኛው ነገር ወቅቱ ነው። መስከረም ማለት ለአዲስ አበባ ሰው አደይ አበባ ነው። ለእኛስ? ጓንግ ሞልቶ፣ ሽንፋ ሞልቶ፣ ገንዳ ውኃ ሞልቶ፣ ዋልካው መሬት እግር ይዞ የማይለቅበት፣ ወባ የሚበረታበት ወር ነው። ከጉሙዝ መንደር ወይም ከእርሻ ቦታ ተነሥቶ ድምፅ ለመስጠት የሚመጣው ሰው ወንዝ ዋኝቶ መምጣት አለበት። ሕጉ «ምረጥ» ብሏል፤ ወንዙ ግን አልፈቀደም።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር ተመራጩ ማን ይሁን የሚለው ነው። 25 ዓመት የሞላው፣ በምርጫው ወረዳ የሚኖርና በዚያው ወረዳ በሕጉ ልክ ንብረት ያለው ሰው መሆን ነበረበት። ባለመሬቱ ይወዳደራል፤ ጭሰኛው ይመርጣል። ውጤቱንም አየነው። የባለመሬትና የጭሰኛን ግንኙነት የሚወስን ሕግ ለምክር ቤቱ ቢቀርብ፣ ደግሞም ቢቀርብ፣ ዘመኑ እስኪያልፍ ድረስ ሳይጸድቅ ቀረ። ለምን ቢባል ብዙዎቹ እንደራሴዎች ራሳቸው ባለመሬት ነበሩ። ሰው በራሱ ላይ እንዴት ይፈርዳል? በአንጻሩ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በ1960 ዓ.ም. ወጣ፤ ወዲያው ጎረቤታችን ጎጃም ተነሣ። ሕዝቡ አዋጁን የሰማው ግብር ተማኙ ደጁ ሲቆም ነው እንጂ እንደራሴው መጥቶ ስላስረዳው አይደለም። እንደራሴ ሄዶ መናገሩ ብቻ አይበቃም፤ ተመልሶ መንገርም አለበት።

ያም ሆኖ ያን ምክር ቤት ሁሉን በአንድ ላይ መንቀፍ ደግ አይደለም። ሹማምንትን ጠርተው የሚጠይቁ፣ በጀት ላይ የሚከራከሩ እንደራሴዎች ነበሩበት። የአገራችን ሰው ድምፅ መስጠትን ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

፬. ከደርግ እስከ ሸንጎ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲወርዱ ምክር ቤቱም ተዘጋ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። እንደራሴዎቹ በ17 ዓመት ምክክር ያልደፈሩትን አዋጅ ወታደሮቹ በአንድ ቀን አወጁት። ጭሰኛው ደስ አለው። ነገር ግን መሬቱን ያገኘው ሰው አፉን አላገኘም፤ ከዚያ ወዲያ 12 ዓመት ሙሉ ምክር ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። በእኛ አገር ደግሞ ጦርነቱ ከሁሉ ቀደመ። በ1969 ዓ.ም. ኢዲዩ መተማንና ሑመራን ይዞ ነበር፤ በኋላ መንግሥት መልሶ ያዘ። በዚያ መካከል የሸሸው ሸሸ፤ ሱዳን የገባው ገባ፤ ስንቱ ቤት ባዶ ቀረ።

ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ተደረገ፤ 835 መቀመጫ ነበረው። እኔ ያን ጊዜ ወጣት ጸሐፊ ነበርሁ፤ የመራጮችን ስም እጽፍ ነበር። እጩዎች ከአንድ በላይ ይቀርባሉ፤ አቅራቢዎቹ ግን ኢሠፓ፣ የብዙኃን ማኅበራትና የጦር ክፍሎች ናቸው። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ስማቸውን ጽፌ ስጨርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እነዚህን የምንመርጣቸውን ሰዎች መጀመሪያ የመረጣቸው ማነው?» አሉኝ። ዝም አልሁ። ያን ጊዜ ዝም ነበር የሚባለው። ነገር ግን የእኒያን ሽማግሌ ጥያቄ ከስንት ዓመት በኋላ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ለእድርም፣ ለምክር ቤትም፣ ለማንኛውም ማኅበር የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ሸንጎው ተከፈተ፤ ጎንደር ክፍለ ሀገርም ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ተከፈለ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሸንጎው ከነመንግሥቱ አለፈ።

፭. ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ

ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 እንዳይበልጡ፣ ከእነሱም ውስጥ ከ20 የማያንሱት ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች እንዲሆን ደነገገ። ምርጫ ሲደረግ የነበረው 547 መቀመጫ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ለአማራ ክልል 138 ደረሰው። የምርጫ ክልል አሁን ወረዳን መሠረት አድርጎ ተከፈለ። አንድ የምርጫ ክልል ወደ 100 ሺህ ሕዝብ ሆኖ አንድ ሰው ይልካል። ንብረት ይኑርህ የሚለው ቀረ። ይህ ለቆላው ሰው ትልቅ ለውጥ ነበር፤ በደጋው ውስጥ መሟሟቱ አበቃ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የመተማ ወረዳ ሕዝብ ከ100 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ለዚህ መብዛት አንዱ ምክንያት ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከደጋው ወረዳዎች ወደ መተማና ወደ ቋራ የመጣው ሰፋሪ ነው። ዛሬ ከመካከላችሁ ስንቶቻችሁ በዚያ መኪና ተጭናችሁ መጥታችሁ አሁን የእድራችን ምሰሶ ሆናችኋል!

ምርጫው በ1987፣ በ1992፣ በ1997፣ በ2002ና በ2007 ዓ.ም. ተደረገ። ከእነዚህ ሁሉ የማይረሳው የ1997ቱ ነው። ግንቦት 7 ቀን በዚያ የመተማ ፀሐይ ሰው ጃንጥላ ይዞ፣ ነጠላውን ተከናንቦ፣ ጀሪካን ውኃ አጠገቡ አድርጎ ሰልፍ ላይ ቆሞ ዋለ። ነፍሰ ጡር ሴት አይቻለሁ፤ በበትር የሚደገፉ አዛውንት አይቻለሁ። ማንም «ግቡ» ብሎ አልነዳቸውም፤ ድምፃቸው የሚቆጠር መስሏቸው ነው የመጡት። በአገር ደረጃ ተቃዋሚዎች ከ170 በላይ መቀመጫ አገኙ፤ ነገር ግን ውጤቱ አጨቃጨቀ፤ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሰው ሕይወት ጠፋ። በ2002 ዓ.ም. ከ547 ውስጥ የገቡት ተቃዋሚ አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበሩ፤ ከእሳቸው ሌላ አንድ የግል ተወዳዳሪ ነበሩ። በ2007 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ያዙ። ሕዝብ በሙሉ አንድ ሐሳብ ያለው አገር በዓለም ላይ የለም፤ በአንድ ቤት እንኳ ባልና ሚስት ይለያያሉ።

ስድስተኛው ምርጫ በኮሮና ምክንያት ከ2012 ወደ 2013 ዓ.ም. ተላልፎ ሰኔ 14 ቀን ተደረገ። ሰኔ ለእኛ ዝናብ የሚጀምርበት፣ ትራክተር ወደ እርሻ የሚወጣበት ወር ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ሰሜን ጎንደር ዞን በሦስት ተከፍሎ እኛ በምዕራብ ጎንደር ሥር ሆነናል፤ የዞኑም መቀመጫ ገንዳ ውኃ ነች። መንግሥት ቢሮውን ወደ ቆላው ማውረዱ መልካም ነው። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ጦርነትና መከራ አልዘረዝርም፤ ሁላችሁም ለቀብር የወጣችሁበትን ቀን ትቆጥራላችሁ።

፮. ያልተጻፈው ሰው

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ደረስሁ። ይህን ሁሉ ታሪክ ያወራሁት ለዚህ ነው።

በዚህ አገር ከሐምሌ እስከ ኅዳር ድረስ የሚኖር አንድ ትልቅ ሕዝብ አለ፤ ሳሉግ እንለዋለን። ከደጋው ይመጣል፤ ሰሊጥ ያርማል፣ ሰሊጥ ያጭዳል፣ ማሽላ ይቆርጣል፣ ጥጥ ይለቅማል። የመተማ ሀብት በእሱ ጀርባ ላይ ነው። ሰሊጥ ከደረሰ ቀን አይሰጥም፤ በጊዜው ካልታጨደ ይረግፋል፤ ስለዚህ ሳሉግ ባይመጣ ባለሀብቱም፣ ነጋዴውም፣ ባለሆቴሉም ከሰረ። ዛሬ ያለው የምርጫ ሕግ መራጭ በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር የኖረ ይሁን ይላል። ሳሉግ አራት፣ አምስት ወር ቆይቶ ይሄዳል። ምርጫውም የሚደረገው እሱ በሌለበት ወር ነው። ድምፁን የሚሰጠው እንግዲህ በትውልድ ቀየው ነው። የሚያነክሰው ወባ፣ የሚገድለው ካላ አዛር፣ የሚተኛበት ዳስ ግን እዚህ ነው። የቀየው ተወካይ የመተማን ዳስ አያውቀውም፤ የመተማ ተወካይ ደግሞ መራጩ አይደለም። በ1948 የወጣው የቀድሞው ሕገ መንግሥት እንኳ በምርጫው ወረዳ አዘውትሮ የሚገኘውን ሰው ከመራጭ ይቆጥር ነበር። በ2013ቱ ምርጫ ለካምፕ ወታደሮችና ለተፈናቃዮች ልዩ ጣቢያ ተደራጅቷል፤ ስለዚህ ለሚንቀሳቀስ ሰው መላ መፈለግ የማይቻል ነገር አይደለም።

ምርጫው ይቅር፤ ሞቱስ? ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥቅምት ወር አንድ ወጣት ከእርሻ ካምፕ በጋሪ ተጭኖ መጣ። ትኩሳት ነበረው፤ ሌሊቱን ሞተ። ኪሱ ውስጥ 60 ብርና አንድ የክር መስቀል ነበረ። አብረውት የነበሩት ልጆች የሚጠሩበትን የቅጽል ስም እንጂ የአባቱን ስም አያውቁም። እድራችን ከፈኑ ጀምሮ ሁሉን አደረገ፤ እናንተው ናችሁ የቀበራችሁት፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እኔ መዝገብ ላይ ልጽፍ ብዕር አነሣሁና «ስም» በሚለው መስመር ላይ የምጽፈው አጣሁ። እስከ ዛሬ አንዲት እናት በአንድ የደጋ መንደር ልጄ ሱዳን ተሻግሮ ይሆናል እያለች በር በሩን ታያለች። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን በጦርነት ስትነድ በዚህ በድልድያችን በአሥር ሺህ የሚቆጠር ስደተኛ ሲገባ፣ እኒያ እንግዶች እንኳ ስማቸው ተጽፏል። የእኛው ልጅ ግን ሳይጻፍ ተቀበረ።

ስለዚህ እንደራሴ ማለት አዲስ አበባ ወንበር ላይ የተቀመጠው ብቻ አይደለም። ለዚያ ወጣት ሞት እንደ ራሱ የቆመለት ይህ እድር ነበር። ዳሩ ግን በሞቱ ቆምንለት እንጂ በሕይወቱ አልቆምንለትም።

፯. የማቀርበው ሐሳብ

አንደኛ፤ እድራችን አንድ የእንግዳ መዝገብ ያውጣ። ከአባላት መካከል እርሻ ያለው ወይም ሳሉግ የሚያሠራ ሁሉ፣ በሐምሌና በነሐሴ የመጡለትን ሠራተኞች ስም ከነአባታቸው፣ የመጡበትን ወረዳና ቀበሌ፣ የአንድ ዘመድ ስልክ ጽፎ ለጸሐፊው ይስጥ። ወጪው አንድ ደብተርና አንድ እስክሪፕቶ ነው። መዝገቡ በአደራ ይቀመጥ፤ ሰው ሲታመም ወይም ሲሞት ለቤተሰብ ለማሳወቅ እንጂ ለሌላ ነገር አይከፈት። ጽሕፈቱን እኔ ያለክፍያ እሠራለሁ፤ እጄ ገና አልተንቀጠቀጠም።

ሁለተኛ፤ ለምክር ቤትም ሆነ ለወረዳ የሚወዳደር ሰው ወደዚህ ሰፈር ሲመጣ እንጠይቀው፤ የተናገረውንም እንጻፈው። እድር የፖለቲካ ማኅበር አይደለም፤ ለማንም ድጋፍ አይሰጥም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ የዚህም የዚያም ፓርቲ ሰው አንድ ሳጥን ውስጥ ነው የሚያዋጣው። ነገር ግን ነዋሪ ሆኖ መጠየቅ ወገንተኝነት አይደለም። ለሳሉግ ክሊኒክ፣ ለካምፕ አጎበርና ንጹሕ ውኃ ምን ታደርጋለህ እንበለው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12፣ እንዲሁም በአንቀጽ 54 ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል ይላል። መብቱ በወረቀት ላይ አለ። ወረቀት ግን ካልተነበበ የምስጥ ቀለብ ነው።

ሦስተኛ፤ ከራሳችን እንጀምር። ደንባችን ሦስት ጊዜ ከስብሰባ የቀረ የኮሚቴ አባል ይተካል ይላል። ይህ በሥራ ይዋል። ዛሬ የምንመርጣቸው ሰዎችም በየሦስት ወሩ ሒሳቡንና ሥራውን በጡሩምባ ጠርተው ያስረዱን። የእድር ዳኛውን መጠየቅ ያልለመደ ሰው የምክር ቤት አባልን ሊጠይቅ አይችልም። «ተመራጭ ሁሉ አንድ ነው» የምንለው እኛ መራጮች ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነን ዝም ስላልን ነው።

እነዚህን ሦስት ሐሳቦች ጉባኤው ተወያይቶ እንዲወስንባቸው በትሕትና አቀርባለሁ። በተለይ የመጀመሪያውን ዛሬውኑ ብንወስን፣ የሚመጣው ሐምሌ ሳይደርስ ደብተሩ ይገዛል።

 አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ ዓመቱን የደግ ወሬ ዓመት ያድርግልን።